ለአን ቡረል ከፎቶና ከሙዚቃ ያለፈ ነገር ይደረግላት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ምግብ ማብሰል ታስተምር የነበረችው ሼፍ አን ቡረል እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2025 ብሩክሊን ውስጥ በ55 ዓመቷ ማረፏን ስሰማ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። አሜሪካ እንደመጣሁ ወጥ ቤት ገብቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ድፍረት የሰጠችኝ እሷ ናት።

ፉድ ኔትወርክ የተባለው የአሜሪካ የምግብ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው «ዎርስት ኩክስ ኢን አሜሪካ» (የአሜሪካ መጥፎ ምግብ አብሳዮች) ከሌሎቹ የምግብ ውድድሮች ይለያል። ተወዳዳሪዎቹ ሽንኩርት መክተፍ እንኳ የሚቸግራቸው ናቸው። አሠልጣኛቸው አን፣ ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ብጫ ፀጉሯ ሳይረሳ፣ ቢላ አያያዝ ከሀ ትጀምርላቸው ነበር። «ቡናማ ምግብ ይጣፍጣል» ማለት ታዘወትር ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ሥጋው መጥበሻው ላይ ቀለም ሳይዝ ማገላበጥ የተውኩት።

አሁን የምግብ ውድድር አዘጋጆች መታሰቢያ ሲያስቡ ፎቶዋን በሙዚቃ አሳይተው ባይተዉት ደስ ይለኛል። በስሟ ሽልማት ይኑር። የሚሰጠውም ለአንደኛው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ብዙ ለተሻሻለው ይሁን። በየዓመቱም አንድ የፕሮግራም ክፍል ምንም ለማያውቁ ጀማሪዎች ይተውላቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ተመልካች