አባባ፣ ፎርሙን ልሙላው ወይ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቋል። "ለአያቴ ላኪልኝ" ብላ አፏን ከፍታ የተነሳችውን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ያገኙታል።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልጨረስነውን ነገር በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። "ለመሆኑ አንቺ የየትኛው ፓርቲ ነሽ?" አሉኝ። "የማንም አይደለሁም" አልኩዎት። ጥቂት እንደተነጋገርን ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ጆሮዎ ላይ የዘጋሁት መስሎዎት ከነበረ ይቅርታ። ጽሑፍ ደግሞ ለእርስዎ ይመቻል፤ ቀይ እስክሪብቶዎን ይዘው ያነባሉ።

ነገሩ መቼም የተነሳው በሬዲዮው ነው። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የአሜሪካ ድምፅ ዝም ሲልብዎት፣ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎዎት ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። ልጁ ከፍቶ አይቶ "አባባ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጣቢያው ነው" እንዳለዎት ሲነግሩኝ ስቄ ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከአርባ ዓመት በላይ በአማርኛ ሲያወራልዎት የኖረ ጣቢያ ነው። ዓርብ ዕለት የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተፈረመ፣ ቅዳሜ ሠራተኞቹ ቤታችሁ ቆዩ ተባሉ። በቃ። እርስዎም "ታዲያ እናንተ እዚያ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ? አትመርጡም እንዴ?" አሉኝ። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ትከነክነኛለች።

እመርጣለሁ፣ አባባ። ዜግነት ከወሰድኩ ወዲህ አንድም ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። ግን ምን እንደምመርጥ ልንገርዎት። (የዚህን አገር ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ እንዳይምታታብዎት።)

የፕሬዚዳንቱ ምርጫ እዚህ ጠቅላላ ድምፅ ተቆጥሮ አይደለም። ለእያንዳንዱ ግዛት የተመደበ ቁጥር አለ፤ ሲደመር 538 ነው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። በአብዛኛው ግዛት በጥቂት ድምፅም ቢሆን የበለጠው የግዛቱን ቁጥር ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚህ የተነሳ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ከትራምፕ በ2.8 ሚሊዮን ድምፅ በላይ በልጠው ተሸነፉ። አል ጎርም በ2000 በጠቅላላ ድምፅ መርተው ነበር፤ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ አጡና ቀረባቸው። ይህን ለእማማ ስነግራት "የበለጠው ተሸነፈ? ምን ዓይነት ቁማር ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ 10 ነው ያለው። ለመጨረሻ ጊዜ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት የመረጠው በ1988 ነው፣ እኔ ሳልወለድ። ስለዚህ ውጤቱ ቀድሞ ይታወቃል፤ ደጃችን ድረስ የሚመጣ የለም። አትላንታ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን በምርጫ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ጆርጂያ በ2020 የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ በር የሚያንኳኳው፣ የሚደውለው፣ መልእክት የሚልከው አያድርስ ነው። "ቁጥሬን ልቀይር ነው" ይለኛል። የእሱ ድምፅ ሙሽራ ነው፣ የእኔ አጃቢ።

ይህንን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያቃጠለኝ ቅድመ ምርጫው ነው፤ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት። ሜሪላንድ ውስጥ የዴሞክራቱን እጩ የሚመርጠው ዴሞክራት ብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። የሪፐብሊካኑም እንደዚያው። እንደ እኔ የማንም ያልሆነ የበይ ተመልካች ነው። በእኛ ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) ደግሞ የዴሞክራቱን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ፣ አሸነፈ ማለት ነው። በኖቬምበር ያለው ለወጉ ነው።

በ2024፣ ሜይ 14 ቀን፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ የሆስፒታል ልብሴን እንደለበስኩ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመር አለ፤ ሰልፉም መስመሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ጸጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የነጣ አንዲት ትልቅ ሴት ስሜን ታብሌት ላይ ፈለጉ፣ አገኙት። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "የኔ ልጅ፣ አንቺ ፓርቲ የለሽም፤ የሚደርስሽ ይቺ ብቻ ናት" አሉኝ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው በሚያወራበት ድምፅ ነው ያሉት። ወረቀቷ ላይ ያሉት የትምህርት ቦርድ እጩዎች ብቻ ናቸው። ለሴኔት ማን ይቅረብ፣ ለምክር ቤት ማን ይቅረብ የሚለው እኔን አይመለከትም።

ሄጄ ቆምኩ። በጥቁር እስክሪብቶ ክቦቹን አጠቆርኩ። ማሽኑ ወረቀቷን ዋጣት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ገና ወረቀቱን እያገላበጠ ነበር። ስወጣ ለሁሉም ሰው የሚሰጡትን "መርጫለሁ" የሚል ተለጣፊ ለእኔም ሰጡኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ በመስታወቱ ሳየው አፈርኩ። ትዝ ያለኝ የእርስዎ ጣት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰልፉ ላይ ሆነው ውኃ በኮዳ አመጣሁልዎት። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሱት፤ የጣትዎን ቀለም ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያሳዩ ዋሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የዚያን ቀን ግን ፊትዎ ሌላ ነበር።

ያን ሰሞን እኮ የፖስታ ሳጥናችን በምርጫ ወረቀት ተጨናንቆ ነበር። ሁሉም በባለቤቴ ስም ነው የሚመጣው፤ እሱ ዴሞክራት ብሎ ተመዝግቧል። ዴቪድ ትሮን የሚባሉ የትልልቅ መጠጥ መደብሮች ባለቤት ለሴኔት እጩ ለመሆን ከራሳቸው ኪስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። ፎቷቸው ያለበትን የሚያብረቀርቅ ወረቀት እኔ ድንች ስልጥ ከሥር አነጥፈው ነበር። ለነገሩ አልሆነላቸውም፤ አንጄላ ኦልሶብሩክስ አሸነፏቸው። ገንዘብ ሁልጊዜ አይገዛም ማለት ነው፣ ይህን አልክድም።

ኖቬምበር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በሪፐብሊካን በኩል የቀረቡት ላሪ ሆገን ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ የሜሪላንድ አገረ ገዥ ሆነው ብዙ ዴሞክራት ሳይቀር የወደዳቸው ሰው። ሰውየውን ብወዳቸው እንኳ ድምፄ ሴኔቱን ለየትኛው ቡድን ያስረክባል የሚለውን ማስላት አለብኝ። ሰው መምረጥ ቀርቶ ወንበር መቁጠር ሆነ። ሳነሳ ስጥል ሰነበትኩ። ኦልሶብሩክስ አሸነፉ። እኔ ማንን እንደመረጥኩ አልነግርዎትም፤ ድምፅ ምስጢር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

"ሦስተኛ ፓርቲ የለም ወይ?" ይሉኝ ይሆናል። አለ፣ ስሙ አለ። ሮስ ፔሮ የሚባሉ ባለሀብት በ1992 ከሁለቱም ፓርቲ ውጭ ተወዳድረው ከመቶ 19 የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው ከ538ቱ አንድ እንኳ አልደረሳቸውም። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ2024 ሲጠይቅ ከጎልማሳው 43 በመቶው "ኢንዲፔንደንት ነኝ፣ የማንም አይደለሁም" ብሏል። እርግጥ አብዛኛው ጫን ብለው ሲጠይቁት ወደ አንዱ ያጋድላል። እኔም አንዳንዴ።

የወሰኑ ነገር ደግሞ ለእርስዎ ከማንም በላይ ይገባዎታል። አያቴን ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሳቸው በሌሊት ድንጋይ የገፋው ጎረቤት አልነበረም? እዚህ ድንበር የሚገፋው በቀን ነው፣ በኮምፒውተር፣ በሕግ። የምርጫ ወረዳውን መስመር የሚያሰምሩት ራሳቸው ተመራጮቹ ናቸው። እኛ ጋ ሥልጣኑ በዴሞክራቶቹ እጅ ስለሆነ የገፉት እነሱ ናቸው። የድሮውን ሦስተኛ ወረዳ ካርታ ያየ አንድ ዳኛ ክንፉ የተሰበረ የጥንት በራሪ አውሬ ይመስላል ብሎ ነበር። የግዛታችን ካርታ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በ2019 "ይህ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥራ አይደለም" ተባለ። አምና ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሪፐብሊካኖቹ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ሳይጠብቁ ተጨማሪ ወንበር ለማግኘት መስመሩን እንደገና አሰመሩ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለአጸፋው ሕዝቡን አስመርጣ የራሷን ለወጠች። እኛም ይለወጥ አይለወጥ እያልን ክርክር ላይ ነን። አንዱ ድንጋይ ስለገፋ ሌላውም ይገፋል፤ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከሐበሻው ጋር ስንገናኝ ደግሞ ጭቅጭቁ ሌላ ነው። ትራምፕ በ2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በአደባባይ የተናገሩ ጊዜ ቡና ላይ የተሰበሰበው ሁሉ "ዴሞክራትን ምረጡ" ይል ነበር። ባይደን መጡ። በ2022 መባቻ አገራችን ዕቃዋን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምትሸጥበት ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ከዚያ በፊትም የቪዛ ማዕቀብ ነበር። ያኔ ያው ሰው ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ "ሪፐብሊካንን ምረጡ" ብሎ ቀሰቀሰ። አልፈርድባቸውም፤ ዘመድ ያለበት አገር ነገር ያንገበግባል። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ "ቆይ እስቲ" ስላልኩ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ። አንዷ ጓደኛዬ "አንቺ መቼም ወላዋይ ነሽ" ብላኛለች፤ ያውም ሕፃን ክርስትና ላይ፣ ሰው እየሰማ።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ።

የዜግነት ፈተናው ላይ ያኔ ካስጠኑን መቶ ጥያቄዎች አንዱ "ሁለቱ ዋና ዋና የፖለቲካ ፓርቲዎች እነማን ናቸው?" የሚል ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። መለስኩ፣ መኮንኑ ምልክት አደረገ፣ አለፍን። መሐላ የፈጸምን ቀን በር ላይ የመራጭነት ፎርም ያድሉ ነበር። ፓርቲ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እርስዎ ታዩኝ።

ያደግኩት "ፎርም ሙላ" የሚለውን ቃል እየሰማሁ ነው። በደርግ ጊዜ ኢሠፓን እንቢ ብለዋል ይባላል፤ ያንን አላየሁም። ኢሕአዴግ መጥቶ እነዚያ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ቤታችን ሲመላለሱ ግን አይቻለሁ። "ጋሽዬ፣ ፎርም ብቻ እኮ ነው፣ ርዕሰ መምህርነቱ ዝግጁ ነው" ይሉዎት ነበር። እማማ ቡና ታፈላለች፤ እርስዎ ቡናውን ይጋብዟቸዋል፣ ፎርሙን ይመልሱላቸዋል። ርዕሰ መምህርነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እርስዎም ጠመኔ እንደያዙ ጡረታ ወጡ። የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ እጄ ፓርቲ ላይ ምልክት ላድርግ? "ከየትኛውም አይደለሁም" የሚለው ላይ አደረግኩ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ይህንን እሑድ ዕለት ልነግርዎት ስል ነው ቀድመውኝ የተናገሩት። "እኔ ያልሞላሁት ስላስገደዱኝ ነው። አንቺን ማን አስገደደሽ?" አሉኝ። ስልኩ የተቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ባይቋረጥም መልስ አልነበረኝም።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጪው ሰኔ ቅድመ ምርጫ አለ። የካውንቲያችን ዋና አስተዳዳሪ የሥልጣን ዘመናቸው ስለሚያበቃ አዲስ ሰው ይመረጣል። የቤት ግብራችን፣ አውቶቡሱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በጀት፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። እኔ ግን እንደ ካቻምናው የትምህርት ቦርድ ወረቀቴን ይዤ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ልወጣ ነው።

ስለዚህ ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ዴሞክራት ብዬ ቀየርኩት። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ የፈለጉትን ማድረግ ይቻላል፤ ቅድመ ምርጫው ካለፈ በኋላ ደግሞ መልሼ እወጣለሁ። ነጠላ ተውሶ ቤተ ክርስቲያን እንደመግባት ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ባለቤቴ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያደረግኩት ትክክል ይመስለኛል፣ ቢሆንም እርስዎ ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ በሩን አይቻለሁ።

ሌላው፣ የንባብ መነጽርዎን በአዲሱ የሐኪም ቁጥር አሠርቼዋለሁ፤ ለፋሲካ የምትመጣው የባለቤቴ እህት ታመጣልዎታለች። ሚሞሪ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮም አብሮ አለ። መዝሙርና የድሮ ትረካ ጭኜበታለሁ፣ ዜና ግን የለውም። የደም ግፊት መድኃኒትዎን "ተሽሎኛል" ብለው እንዳይተዉት፣ እማማ ሁሉን ነግራኛለች።

ይህንን ደብዳቤ አርመው ሲጨርሱ ለወንድሜ ይስጡት፤ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀዩ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ