በስልክ የሚላከው ጉርሻ ለአስተናጋጁ ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሰባት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደንበኞች ለአስተናጋጅ ብለው የሚሰጡት ጉርሻ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለአስተናጋጁ መድረሱ ስለቀረ ነው።

ቀድሞ ደንበኛው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ከመልሱ ጥቂት ብር ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይነሣ ስለነበር፣ የጉርሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ክርክር አልነበረም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የስልክ ክፍያ ከተስፋፋ ወዲህ ግን፣ 860 ብር የተመገበ ሰው 950 ብር ወደ ምግብ ቤቱ ሒሳብ ይልክና «ትርፉ ላንተ ነው» ብሎኝ ይሄዳል። እኔም ከልቤ አመሰግነዋለሁ፤ ገንዘቡ ግን የገባው አሠሪዬ ዘንድ ነው። በመጨረሻ በሠራሁበት ቤት ይኸው ገንዘብ በወር መጨረሻ እንደሚከፈለን ይነገረን ነበር፤ ወሩ ሲደርስ በተሰበረ ብርጭቆና ሳይከፍል በወጣ ደንበኛ ሒሳብ ተቀናንሶ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይተርፈንም። ስንት እንደተሰበሰበ የሚያሳይ ወረቀት አንድም ቀን አላየንም። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ስለማያልፍ፣ የልጄን የትምህርት ቤት ወጪ የምሸፍነው በዚያ ጉርሻ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብን የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ካልሆኑ ክፍያዎች ጋር ይመድበዋል። በሕግ ከተፈቀዱ ምክንያቶች ውጭ ቅነሳን የሚከለክለው አንቀጽ 59 ደግሞ የሚናገረው ስለ ደመወዝ ስለሆነ፣ ጉርሻው የተወሰደበት ሠራተኛ በዚህ ጥበቃ ለመከራከር ይቸገራል። ሆኖም አንድ ክፍያ ደመወዝ አይደለም ማለት የአሠሪው ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችውና በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ አሠሪዎች ጉርሻውን ሳይቀንሱ፣ ቢዘገይ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ለሠራተኞች እንዲያከፋፍሉና መዝገቡን ለሦስት ዓመት እንዲይዙ ያስገድዳል።

ምግብ አብሳዮችና ዕቃ አጣቢዎች ከጉርሻው ድርሻ ማግኘታቸውን አልቃወምም፤ እንዲያውም ይገባቸዋል እላለሁ። የምቃወመው ድርሻው ከእኛ ተሰውሮ መቅረቱን ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በስልክ የሚከፈል ጉርሻ ከሽያጭ ተለይቶ እንዲመዘገብና ሠራተኛው መዝገቡን የማየት መብት እንዲኖረው መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ደንበኞችም እስከዚያው ሒሳቡን ለምግብ ቤቱ፣ ጉርሻውን ደግሞ በአስተናጋጁ የራሱ ስልክ ለይታችሁ ላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አስተናጋጅ፣ ከአዲስ አበባ