ለከተማ ኔትወርክ የሚገዛ ስዊች በዋጋና በፍጥነት ብቻ አይመረጥ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የከተማ አስተዳደሮች ቢሮዎቻቸውን፣ ጤና ጣቢያዎቻቸውንና ትምህርት ቤቶቻቸውን በፋይበር ለማገናኘት ስዊች የተባለውን የኔትወርክ መስመሮችን የሚያገናኝ የኢተርኔት መሣሪያ ሲገዙ፣ የጨረታ ሰነዱ በአብዛኛው የሚጠይቀው የፖርት (የመስመር መሰኪያ) ብዛትና ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፋይበሩ በተቆረጠ ዕለት መሣሪያው ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

መንገድና የውኃ መስመር በየጊዜው በሚቆፈርባቸው ከተሞቻችን የፋይበር መቆረጥ አይቀሬ ነው። አምስት ስድስት ጣቢያ ያለው ኔትወርክ በቀለበት መልክ የሚዘረጋውም፣ አንዱ ወገን ሲቆረጥ መረጃው በሌላው በኩል ዞሮ እንዲደርስ ነው። ይሁን እንጂ በምን ያህል ጊዜ እንደሚዞር የሚወስነው ስዊቹ ነው። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው፣ ስዊቾች የመረጃውን መንገድ የሚመርጡበት ነባር አሠራር፣ መንገድ ለመቀየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፤ ጂ.8032 የተባለውን የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃ የሚያሟላ ስዊች ግን በእንዲህ ያለ ትንሽ ቀለበት ላይ ከ50 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያዞረው፣ በዚያው መስመር ስልክ የሚያነጋግር ሰው እንኳ ልብ አይለውም። ሰነዱ ይህን በግልጽ ካልጠየቀ፣ በዋጋ የሚወዳደር አቅራቢ በራሱ ፈቃድ አያቀርበውም።

ሙቀቱና መብራቱም መታሰብ አለባቸው። ለቢሮ የተሠራ ስዊች ብዙውን ጊዜ የሚችለው እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ሳጥን ውስጡ ከዚህ በላይ ይግላል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል፣ ያለ ማራገቢያ የሚሠራና መብራት ሲጠፋ ከባለ 48 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ኃይል የሚቀበል መሣሪያ ይሻላል፤ ማራገቢያ ካለው አቧራ ይደፍነዋል።

ስዊቹ ላይ የሚሰካውና ፋይበሩ የሚገባበት፣ መረጃውን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ኤስኤፍፒ የተባለ ትንሽ ዕቃ ደግሞ፣ ለረጅም ርቀት የተሠራው ሁሉ የተሻለ እየመሰለ ያሳስታል። ለ80 ኪሎ ሜትር የተሠራው በ2 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ያለ ብርሃን መቀነሻ ሲሰካ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ስለሚሆን ተቀባዩ በትክክል አያነብም፤ ጭራሹንም ሊበላሽ ይችላል። ለከተማ ርቀት በአብዛኛው የ10 ኪሎ ሜትሩ ይበቃል፣ ዋጋውም ያንሳል። ከራሱ አምራች ውጭ የመጣን ኤስኤፍፒ የማይቀበል ስዊች ደግሞ፣ የውጭ ምንዛሪ በሚያስቸግርበት አገር፣ ለአንዲት መለዋወጫ ወራት ያስጠብቃል።

ስለዚህ ግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አንድ ግዴታ እንዲጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት፣ ኮሚቴው ባለበትና በመስመሩ ላይ ስልክ እየተደወለ፣ ከቀለበቱ አንዱ ፋይበር ይነቀል፤ መረጃው በሌላው ወገን ለመዞር የፈጀበት ጊዜም ተለክቶ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ
አዲስ አበባ