ቢም ሲደክም፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበባችን ዓመት

የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ከባድ መኪናው ሌት ተቀን አያቋርጥም። የዘንድሮው ሥራችን የተነሳው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ካነሳችው ጥያቄ ነው፦ «መምህር፣ ድልድይ ከአቅሙ በላይ ሳይጫን ሊሰበር ይችላል?»

ይችላል። ብረት የሚችለው ጭነትም ቢሆን ከተደጋገመበት ትንሽ ስንጥቅ ያበጃል። ስንጥቁ በየጭነቱ ጥቂት ጥቂት እያደገ መጨረሻ ላይ ይበጠሳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ይህን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባቡር አክሰሎች ላይ አጥንቶታል። ሽቦ እያጠፈ እየዘረጋ የበጠሰ ልጅም ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ጥገናው ገባን። ቢም ጭነት የሚሸከም አግድም የኮንክሪት ተሸካሚ ነው። የተዳከመ ቢም ሥር የካርቦን ፋይበር (ከቀጫጭን የካርቦን ክሮች የተሠራ ቀላልና ጠንካራ ንጣፍ) ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ይለጠፋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባክ ድልድይ በ1991 እ.ኤ.አ. የተጠገነው እንዲህ ነው። 175 ኪሎ ብረት ይፈልግ የነበረውን ሥራ 6.2 ኪሎ ካርቦን ፋይበር ሸፈነው። ልጆቹ ቁጥሩን ለማመን ተቸግረው ነበር።

ካርቦን ፋይበር በቀላሉ አይደክምም። ጫናውን ኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ብረት፣ ከፌሮው ጋር ስለሚካፈል የፌሮው ዕድሜ ይረዝማል። ያም ሆኖ በድግግሞሽ ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው ፌሮው ነው። ውስጡ ዝጎ ያለቀ ቢም ላይ መለጠፍ ብቻውን አያድነውም።

እኛ ካርቦን ፋይበር የለንም። ከሲሚንቶና አሸዋ ትንንሽ ቢሞች ሠራን፤ በፌሮ ፋንታ ማሰሪያ ሽቦ አስገባን። ወቅቱ ኅዳር ስለነበር ውርጩ አስቸገረን። ሲሚንቶ በብርድ ቶሎ አይጠነክርም። ቢሞቹን ክፍል ውስጥ አስገብተን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንናቸው፤ ከላይ ጭድ ደረብንበት። ከግማሾቹ ሥር አቡጀዲ በኤፖክሲ ለጠፍን። ከዚያ አሸዋ የሞላ ባልዲ በተራ እያነሳን እናሳርፍባቸው ጀመር።

ጨርቅ የሌላቸው መሃላቸው ላይ አንድ ሰፊ ስንጥቅ አወጡ። ጨርቅ ያላቸው ግን ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሯቸው፤ ብዙም ቆዩ። በመጨረሻ የአንዱ ጨርቅ ተላቀቀ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንስቶ ገለበጠው። ጀርባው ላይ ስስ የሲሚንቶ ቅርፊት ተጣብቋል። «ማጣበቂያው አይደለም የለቀቀው፤ ቢሙ ነው የተላጠው» አለ። ትክክል ነው። በትልልቆቹ ቢሞችም ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ባለሙያዎች ከመለጠፋቸው በፊት የኮንክሪቱን ደካማ ገጽ የሚፍቁትና አቧራውን የሚጠርጉት ለዚህ ነው። ልጁ ይህን ከማንም ሳይሰማ፣ በእጁ ይዞ ማየቱ በጣም አስደስቶኛል።

ክበቡ ችግኝም ተክሏል፤ በሳይንስ ቀንም ሥራውን አሳይቷል።

ለከርሞ የሚያስፈልገን ሞተር ነው። ላቦራቶሪዎች አንድን ቢም እስከ 2 ሚሊዮን ጊዜ ይጭኑታል። በሴኮንድ 5 ጊዜ ቢጫን እንኳ ከ4 ቀን በላይ ይፈጃል፤ በእጅ አይሞከርም። ሞተሩ ደህና የሆነ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ብትሰጡን፣ ልጆቹ መጥተው ይወስዳሉ።