አዲሱ ድርሰት ከመጀመሪያው ምሽት በኋላም እንዲሰማ፦ ለኳርቴታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፣

አዲስ የክላሲካል ድርሰት ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በተወለደበት ምሽት ነው። ደራሲው ወራት ፈጅቶ ይጽፈዋል፣ ተጫዋቾቹ ሳምንታት ይለማመዱታል፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጨበጨብለታል። ከዚያ በኋላ ኖታው መሳቢያ ውስጥ ይገባና የሚያነሳው ይጠፋል። ድርሰቱ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ የሚጫወተውና የሚሰማው ስላላገኘ ነው። እኛ አራታችን አንድ ድርሰት ከዚህ ዕጣ እንዲያመልጥ ቆርጠን ተነስተናል፤ ለብቻችን ግን አንችለውም።

ኳርቴት፣ ማለትም አራት ሆነን የምንጫወት ቡድን ነን፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ) እና አንድ ቼሎ (ከሁሉም የሚተልቅና ወፍራም ድምፅ ያለው)። ለእንዲህ ያለ ቡድን የሚጻፍ ድርሰትም ኳርቴት ይባላል። የምንጫወተው የዘመናችንን ደራሲያን ሥራ ነው። «የጥንቶቹ ታላላቅ ደራሲያን፣ እነ ሃይድንና ቤትሆቨን እያሉ ለምን?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መሳሪያችንን የተማርነው በእነሱ ነው፣ ፍቅራችንም አልቀነሰም። ነገር ግን ሃይድን ከ60 በላይ ኳርቴቶቹን ሲጽፍ እያንዳንዱ በጊዜው አዲስ ሙዚቃ ነበር። የቤትሆቨን «ታላቁ ፉግ» (ፉግ መሳሪያዎቹ አንድን ዜማ በየተራ እየተቀባበሉ የሚያወሳስቡበት አጻጻፍ ነው) የአንድ ኳርቴት መዝጊያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1826 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አድማጩ ግራ ተጋባ። አሳታሚው በቦታው ሌላ መዝጊያ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ቤትሆቨንም ጻፈለት። ዛሬ ያ ፉግ ለኳርቴት ከተጻፉት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ለዚህ ያበቁት ባይገባቸውም ተስፋ ሳይቆርጡ ደጋግመው የተጫወቱትና ደጋግመው የሰሙት ናቸው።

በእኛ ዘመንም አንድ ድርሰት መሰማቱ ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። የአሜሪካዊው ጆርጅ ክራም «ብላክ ኤንጅልስ» የተባለው ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ1970፣ በቬትናም ጦርነት መካከል የተጻፈ ነው። ተጫዋቾቹ ድምፃቸው በኤሌክትሪክ እየጎላ ይጫወታሉ፤ ውሃ የተሞሉ የክሪስታል ብርጭቆዎችን በደጋን ያናግራሉ፤ ስዋሂሊን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ቁጥር እየጠሩ ይጮኻሉ። ዴቪድ ሃሪንግተን የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ይህን ሥራ በሬዲዮ ሰምቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ክሮኖስ ኳርቴት የተባለውን ቡድን መሠረተ። ክሮኖስ ከዚያ ወዲህ ከ1,000 በላይ ድርሰቶችና ቅንብሮች አስጽፏል። ከሁሉም በላይ የምንቀናበት ግን ለወጣት ኳርቴቶች ብሎ 50 አዳዲስ ሥራዎች አስጽፎ ኖታቸውን ለማንም በነፃ መልቀቁ ነው። ኖታው የተገኘ ድርሰት ተጫዋች ያገኛል። እኛም በአቅማችን ልንከተል የምንፈልገው ይህን መንገድ ነው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ከአንድ ወጣት ደራሲ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አዲስ ኳርቴት እናስጽፋለን። ደራሲው ጨርሶ የሚያስረክበን ሳይሆን እየጻፈ ከእኛ ጋር እየተቀመጠ የሚሞክረው ይሆናል። ሲያልቅ ቢያንስ አራት ጊዜ፣ በተለያዩ አዳራሾች እንጫወተዋለን፤ በደንብ እንቀዳዋለን፤ ኖታውንም በነፃ እንለቃለን።

ደራሲው አብሮን መቀመጡ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ከሰዓት ልምምዳችን ላይ የተገኘ ሰው ይገባዋል። በቅርቡ ሌላ አዲስ ድርሰት ስንለማመድ አራት ሜዠር (የኖታው ትንንሽ ክፍልፋዮች) ላይ ቆመን ነበር። የቪዮላ ተጫዋቻችን ደጋኑን ክሮቹ ወደሚያርፉባት ትንሽ እንጨት አስጠግቶ ቀስ ብሎ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ በላዩ ያለው ቀጭን ፉጨት ብቻ ይቀራል። በዚያው ላይ ሁለተኛዋ ቫዮሊን ከእሱ ሩብ ድምፅ (በፒያኖ ጎረቤት ቁልፎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሹን) ዝቅ ብላ ትገባለች። ሁለቱ ሲገናኙ ድምፁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እሷ በፀጉር ያህል ወደ እሱ ከተጠጋች መንቀጥቀጡ ይዘገይና የተፈለገው ቀለም ይጠፋል። ስንሞክር፣ ስንሳሳት፣ እንደገና ስንሞክር ቆየን። በመጨረሻ አብሮን የነበረው የዚያ ድርሰት ደራሲ እርሳሱን አንስቶ የቪዮላውን የደጋን ምልክት ሰረዘና ሌላ ጻፈ። ተጫወትነው፤ እዚያው ላይ ተስተካከለ። ይህ ሰዓት በትኬት ሽያጭ አይሸፈንም፤ ታዳሚው የሚከፍለው ለኮንሰርቱ ምሽት ብቻ ነውና።

የምንሰበስበው ገንዘብ በቅድሚያ የሚውለው ለደራሲው ክፍያ ነው። ይህን በግልጽ መናገር እንወዳለን፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ደራሲያን «ስምህ ይታወቅልሃል» እየተባሉ በነፃ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ እኛ ይህን አናደርግም። ቀጥሎ የልምምድ ቦታ፣ የጉዞና የቀረጻ ወጪ አለ። የገባውንና የወጣውን ለሰጪዎች ሁሉ በጽሑፍ እናሳውቃለን።

ድርሰቱን ትወዱታላችሁ ብለን ቃል ልንገባ አንችልም፤ ገና አልተጻፈም። ቃል የምንገባው በሚገባ ተለማምደን እንደምንጫወተውና ከአንድ ጊዜ በላይ የመስማት ዕድል እንደምታገኙ ነው። በመጀመሪያው ቀን የከበደን ሙዚቃ በሦስተኛው ቀን ሲከፈትልን እኛ ራሳችን በየጊዜው እናየዋለንና፣ እናንተም ይህን ብታዩ ደስታችን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ መጠኑ አያሳስባችሁ። አንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ በየወሩ ጥቂት መስጠትም ይቻላል። ፈቃዳቸው የሆነ ሰጪዎች ስም በኖታው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታተማል፤ ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግም ፍላጎቱ ይከበርለታል። ገንዘብ የሌለው ሌላ ነገር ይኖረዋል፦ ለልምምድ የሚሆን ጸጥ ያለ ክፍል፣ የድምፅ ቀረጻ ሙያ፣ ተማሪዎችን ይዞ የሚመጣ መምህር። የሰጠም ያልሰጠም ልምምዳችንን መጥቶ መስማት ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው።

ደራሲው ሌላ ሥራውን ትቶ መጻፍ የሚጀምረው የክፍያው ግማሽ በእጃችን ሲገባ ነው። ስለዚህ ልትሰጡ ያሰባችሁ፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን፣ ቀኑን ሳታራዝሙ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።