ይድረስ ለወዳጄ፦ ፊደል ስለሚያዛባው ፕሪንተር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ዓመቱ ዞረ፤ ይቅር በለኝ።

አደራህን፣ ፕሪንተሮቹን አታስጥላቸው። ካርቦን ባለው ደረሰኝ ላይ በአንድ ምት ሦስት ቅጂ የሚያወጣው ዶት ማትሪክስ፣ ማለትም በመርፌ ሪባን እየመታ የሚጽፈው፣ ነው፤ ሌዘር ይህን አይችልም።

የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር «ቁጥሩን በትክክል ይጽፋል፤ ትልልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ትንሽ ያደርገዋል፤ መስመርም አይወርድም» ብለሃል። ይህ የአንድ ሽቦ መበጠስ ይመስለኛል። በፓራለል ኬብሉ የኮምፒውተር ጫፍ ላይ ካሉት 25 ፒኖች (መርፌ መሰል ጫፎች) ፊደል የሚያሻግሩት ከ2 እስከ 9 ያሉት ስምንቱ ናቸው። እያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የሚላከው በቁጥር ኮድ ነው፤ ስምንቱ ፒኖች የኮዱን ክፍሎች ይከፋፈላሉ፤ ፒን 7 የ32ን ዋጋ ይይዛል። ሲበጠስ ፕሪንተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁልጊዜ እንደበራ ይቆጥረዋል። ስለዚህ 65 የሆነው ትልቁ ኤ 97 ይሆንና ትንሹ ኤ ይወጣል። የቁጥሮች ኮድ 32ን ቀድሞም ስለያዘ አይነኩም። መስመር የሚመልሰው 13 ወደ 45፣ መስመር የሚያወርደው 10 ወደ 42 ይለወጣሉ፤ እነዚህ ሰረዝና ኮከብ ናቸው። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ በሚገባው ቦታ ሰረዝና ኮከብ ተከታትለው ካየህ አትጠራጠር። የተበጠሰው ፒን 2 ቢሆን ኖሮ «ቢ» ወደ «ሲ» ይለወጥ፣ ባዶ ቦታውም በቃለ አጋኖ ይሞላ ነበር።

ሁለቱንም አጥፍተህ ኬብሉን ንቀል፤ ይህ እንደ ዩኤስቢ እየሠራ የሚነቀል አይደለም፣ ፖርቱን (የኮምፒውተሩን መሰኪያ) ሊያቃጥል ይችላል። በቴስተር ከፒን 7 እስከ ፒን 7 ለካ፣ ሽቦው ካልተበጠሰ ድምፅ ይሰጣል፤ በፕሪንተሩ በኩል ባለው ባለ 36 ሶኬትም እስከ 13 ድረስ ቁጥሩ አንድ ነው። ስትለካ ኬብሉን ከአንገቱ ላይ እያጠፍህ ያዘው፤ በብዛት የሚበጠሰው እዚያ ነው። 7 ከ6 ወይም ከ8 ጋር አለመነካካቱንም እይ። አዲስ ከገዛህ 1.8 ሜትር ይበቃል፤ ተራውን ኬብል ከ3 ሜትር አታስበልጠው።

የመጋዘኑ ፕሪንተር ችግር ግን ሌላ ነው። በሲሪያል ኬብል (መረጃን በአንድ ሽቦ ተራ በተራ በሚልከው) የሚሠራ ሆኖ አጭሩን ጽሑፍ አሳምሮ ረጅሙን ከመሃል የሚያጎድለው፣ የፕሪንተሩ ማከማቻ ሞልቶ «ቆይ» ሲል ኮምፒውተሩ ስለማይሰማው ነው። ፍጥነቱ ባይገጥም ኖሮ ከመጀመሪያው ፊደል ይዘባረቅ ነበር። በኬብሉ ውስጥ ሦስት ሽቦ ብቻ ካገኘህ፣ ይህን «ቆይ» የሚያደርስ ሌላ ጨምር፦ ከፕሪንተሩ ባለ 25 ሶኬት ፒን 20 ወደ ኮምፒውተሩ ባለ 9 ሶኬት ፒን 8፤ በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት) ለሚሠራው ማሽን 8ን ከ6 ጋር አገናኝ። በዊንዶውስ የፖርት ቅንብር ላይም የፍሰት ቁጥጥሩን «ሃርድዌር» በለው። ሽቦው እስኪገኝ ፍጥነቱን በሁለቱም ወገን ወደ 1200 ቢት በሰከንድ አውርድ፤ በሰከንድ 120 ፊደል ብቻ ስለሚደርሰው በድራፍት (በፈጣኑ ረቂቅ ሕትመት) ሲያትም ይቋቋመዋል።

ፒን 7 ድምፅ ሰጠ ወይስ አልሰጠም? ጻፍልኝ። ከሰጠ ኬብሉን ትተን የፕሪንተሩን ሶኬት እንከፍታለን። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ