ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ምጣድሽ ቮልትና አምፔር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤
ሐረር

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቂያት ናት፤ ሙቀቱ ከቀትር በኋላ ከቤት አያስወጣም። እናትሽ «እሷስ ታድላ፤ በሐረር አየር እንጀራ መጋገር ሥራ ነው እንዴ?» ትላለች፤ እኔ ግን ዝም ብያታለሁ።

የላክሽልኝ ቁጥር ደርሶኛል። ጠዋት ምጣዱ ግሎ ሳለ 220 ቮልትና 16 አምፔር፣ ማታ ደግሞ 180 ቮልት ለክተሻል፤ የማታውን አምፔር ግን አልጻፍሽም። ማታ የእንጀራው ዓይን አልወጣ እያለ አስቸገረሽ፤ ኤሌክትሪሺያኑም «የምጣዱ ሽቦ ደክሟል፣ ትንሽ ቆርጠን እናሳጥረው» አለሽ። ሳይቆረጥ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ።

ስሌቱ ከሂሳብ መዝገብሽ የቀለለ ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍዪ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው መብራቱን የሚከለክልበትን መጠን በኦም፣ ስታባዢ ደግሞ ኃይሉን በዋት ታገኛለሽ። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፤ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት። ማካፈሉን ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

ሰው የሚስተው የማታውን ሲያሰላ ነው። 180 በ16 አባዝቶ 2,880 ዋት ይላል። አሥራ ስድስቱ አምፔር ግን የጠዋት ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ አብሮት ይወርዳል። ከሦስቱ ባለበት የሚቆየው ሬዚስታንሱ ነው፤ እሱ የሽቦው ርዝመት፣ ውፍረትና ዓይነት ነውና መብራቱ ደከመ ብሎ አይለወጥም። ስለዚህ ከእሱ ተነሺ። 180 ለ13.75 ሲካፈል 13.1 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ይህን በ180 ስታባዢው 2,356 ዋት ገደማ ይወጣል። ቮልቱ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ ኃይሉ ግን ሲሶውን አጥቷል። ሊጡ ምጣዱ ላይ እንዳረፈ ቶሎ ካልፈላ ዓይን ከየት ያመጣል? «መብራት ሲደክም ቆጣሪው ስለማይሮጥ ይረክሳል» የሚሉሽን አትስሚ። ምጣዱ ለመጋል በዘገየ ቁጥር ሙቀቱን ለቤቱ አየር ሲያድል ይቆያል፤ አንቺም ለአንድ እንጀራ የምትቆሚው ጊዜ ይረዝማል።

አሁን ወደ ቆረጣው። ሽቦው ከአሥር አንድ እጅ ቢያጥር ሬዚስታንሱ 12.4 ኦም ገደማ ይሆናል። ማታ በ180 ቮልት 2,618 ዋት ይሰጥሻል፤ ደስ ይልሻል። ጠዋት 220 ሲመለስ ግን 17.8 አምፔር ይስባል፣ ኃይሉም 3,911 ዋት ይደርሳል። ሶኬቱ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ብሬከሩ ለእንዲህ ያለች ጥቂት ብልጫ ቶሎ አይወርድም፤ ስፒናው እየጋለ ይከርማል። ሽቦውም አጥሮ የበለጠ ሙቀት ስለሚሸከም፣ ጀሶው ሥር በአንዱ ቦታ ቀልቶ ይበጠሳል፤ ያኔ ደግሞ «ትንሽ እንቁረጥ» ይመጣል። ብሬከሩን በትልቅ ልቀይር ካለሽም እንቢ በዪው፤ ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው እንጂ ምጣዱን አይደለም።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ማታ መጀመሪያ ምጣዱን ሳትሰኪ ቮልቱን ለኪ፤ ከዚያ ሰክተሽ፣ ምጣዱ ሲግል፣ እዚያው ሶኬት ላይ ድገሚው። ሳይሰካ 194፣ ተሰክቶ 180 ቢሆን እንበል። አሥራ አራቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 14 ለ13.1 ሲካፈል የመንገዱ ሬዚስታንስ ከ1 ኦም ትንሽ የሚበልጥ፣ ሲባዛ ደግሞ እዚያ የሚባክነው ኃይል 183 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት በረጅም መስመር ላይ ቢበተን ብዙም አይታወቅም፤ በአንድ የላላ ብሎን ላይ ቢከማች ግን ስፒና ያቀልጣል። ሳይሰካም ተሰክቶም ያው ወደ 180 ከሆነ፣ ችግሩ ከውጭ የሚመጣው መብራት ነው፤ የቤቱን ሽቦ አትንኪ፣ የምጣዱንም።

መንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል እንዲያንስ ነው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት የሚወስደው። አንድ ሚሊዮን ዋት ለመውሰድ 40 አምፔር ይበቃዋል፤ በ220 ቮልት ቢሆን ከ4,500 አምፔር በላይ ይፈልግ ነበር። በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። እኔ በምድር ባቡር ዎርክሾፕ የኖርኩት በናፍጣው ዘመን ነበር፤ ይህን በሥራ ላይ ሳላየው ጡረታ በመውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን ስሌት ወደ ፍሪጁና ወደ ቬንትሌተሩ አትውሰጂው። ሞተር ያለበት ዕቃ ቮልትና አምፔሩ ሲባዛ ከእውነተኛው ኃይል በላይ ያሳያል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖልም ኦሙን በቴስተር ለክተሽ እንዳትደነግጪ፤ ሲበራ 484 ኦም የሆነው፣ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከአሥር አንድ ያህሉን ብቻ ያሳያል። የምጣድ ሽቦ በመጋልና በመቀዝቀዝ ብዙም ስለማይለወጥ እምነት ይጣልበታል። ኦም ስትለኪ ግን ስፒናውን ንቀዪ፤ መብራት ባለበት ኦም አይለካም።

ዛሬ ማታ ሁለቱን ቮልት፣ የማታውን አምፔርና ስፒናው ይጋል አይጋል ጽፈሽ ላኪልኝ። የላላው ብሎን ከሆነ ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አትጋግሪ።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን